ባንኮኒው ከፊት፣ ጓዳው ከኋላ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል እንበል። ቤት ውስጥ ክብሪት የለም፤ ሱቁም ተዘግቷል። ሱቁ ባለ መስታወት የገበያ ሕንፃ ሥር ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ባለሱቁ ቆልፎ ወደ ቤቱ ከሄደ ቆይቷል። ቢቸና ወይም ሞጣ ከሆናችሁ፣ ሱቁም ከድሮዎቹ ከሆነ ግን ሳንቃውን በጣታችሁ ኳ ኳ ታደርጉና “እትዬ! አንዲት ክብሪት!” ትላላችሁ። ከውስጥ “ማነው?” የሚል ድምፅ ይመጣል። ድምፃችሁ ይታወቃል። ከሳንቃው አንዱ ገርበብ ይልና ክብሪት የያዘ እጅ ብቅ ይላል። ከእጁ ኋላ የሽሮ ሽታ፣ የሕፃን ልቅሶና የሬዲዮ ዜና አብረው ይወጣሉ። ገንዘቡን ነገ ትሰጣላችሁ።

እናላችሁ፣ ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ስለዚያ ቤት ነው። ይህን ገጽ ከምንጽፈው ልጆች መካከል በእንዲህ ዓይነት ቤት ጓዳ ያደግን አለን። የቤት ሥራችንን የሠራነው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። መደመርና መቀነስን ከአስተማሪ በፊት ያስተማረን የዱቤ ደብተር ነው። ያኔ ቤቱን ማንም “ቅርስ” ብሎ ሲጠራው አልሰማንም። ዛሬም የሚጠራው የለም። ጭቅጭቃችንም እዚህ ላይ ነው።

ስለ ምሥራቅ ጎጃም የምናውቀው

ምሥራቅ ጎጃም ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ዲማ ጊዮርጊስ ሊሆን ይችላል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት “ፍቅር እስከ መቃብር” አማካይነት ዲማን ያላየ ሁሉ ያወቀው መስሎታል። የቅኔ ቤቱ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም ይከተላሉ። በላይ ዘለቀም አለ፤ ጣሊያንን ተዋግቶ፣ ከድል በኋላ ቢቸናን እንዲያስተዳድር ተሹሞ፣ በ1937 አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው። ትንሽ ታሪክ ያነበበ ደግሞ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብርን እምቢ ብሎ የተነሳውን የሞጣና የቢቸና ገበሬ ያስታውሳል።

ሁሉም ትክክል ነው። ልብ በሉ ግን፤ መነኩሴው አለ፣ አርበኛው አለ፣ ገበሬው አለ። ነጋዴው የት ሄደ? ለመነኩሴው ገዳሙ፣ ለአርበኛው ሐውልቱ፣ ለገበሬው ማሳው አለለት። ለሁሉም ጨው፣ ላምባና አቡጄዲ ሲሸጥላቸው የኖረው ሰው ያቆመው ነገር ያ ሱቅ ብቻ ነው።

ከተሞቹ ደግሞ ያለ ነጋዴ ከተማ አይሆኑም ነበር። ሞጣን እንውሰድ። ከሞጣ ወደ አባይ ስትወርዱ ሰባራ ድልድይን ታገኛላችሁ፤ ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኝ የነበረ፣ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን የቆየ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰብሮ ስሙን ያገኘ የድንጋይ ድልድይ ነው። ሞጣ ወደዚያ መሻገሪያ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቢቸናም ከደጀን ተነስቶ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ናት። ሁለቱም የአውራጃ ዋና ከተሞች ስለነበሩ ባለጉዳይ፣ ተሟጋችና ግብር ከፋይ ይጎርፍባቸዋል። የሚመጣ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይገዛል። በዚህ መሐል ሱቁ ተወለደ።

ቤቱ እንዴት ያለ ነው?

በጎጃም ትንንሽ ከተሞች የምታዩት ይህ ቤት ፊቱን ወደ መንገድ ይሰጣል። መሠረቱ ድንጋይ፣ ቋሚና ማገሩ እንጨት፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ተረግጦ፣ ቀናት ሰንብቶ ይመረጋል። አገሩ የጤፍ አገር ነው፤ እህሉ እንጀራ ሲሆን ጭዱ ግድግዳ ይሆናል። ከፊት ለፊት የቆርቆሮው ክፈፍ ረዘም ብሎ ወጥቶ በእንጨት ምሰሶዎች ይደገፋል። በረንዳ ማለት ይህ ነው።

በረንዳው ለውበት ብቻ አይደለም። የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናብ በቀጥታ የሚመታው የጭቃ ግድግዳ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ በረንዳው የግድግዳው ጃንጥላ ነው። በዚያው የገበያተኛውም ጃንጥላ ይሆናል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ዶፍ ሲወርድ ገበሬው ከነአህያው የሚጠጋው እዚያ ነው። የልብስ ሰፊው ሲንጀር መኪና የሚቀመጠውም እዚያው ነው። ባለቤቱ ከገዛ ቦታው ሁለት ክንድ ያህል ለመንገደኛ ለቀቀ ማለት ነው፤ ያዘዘው ሰው ሳይኖር።

ከበረንዳው አልፋችሁ በሳንቃው ስትገቡ ባንኮኒው ይቀበላችኋል። ከባንኮኒው ኋላ መደርደሪያ፣ በላዩ ኖራ የተቀባ የአቡጄዲ ኮርኒስ። ከመደርደሪያው ጎን አንዲት መጋረጃ ተንጠልጥላለች፤ ከመጋረጃዋ ማዶ ጓዳው ነው። መደብ ወይም አልጋ፣ ሳጥን፣ የእህል ማስቀመጫ። ከጓዳው በኋላ በር ወደ ጓሮ ይወጣል፤ እሳት ከቤቱ እንዲርቅ ማድ ቤቱ ለብቻው ቆሟል፣ ጌሾው፣ ጎመኑ፣ የእንግዳ በቅሎ የሚታሰርበትም እዚያ ነው። ደህና ያተረፈ ነጋዴ የእንጨት ደረጃ ጨምሮ ፎቅ ያወጣል፤ ታች ሱቅና መጋዘን፣ ላይ መኝታ።

ስለ አፈሩም አንድ ነገር እንበል። የአካባቢው መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ በቂ መሠረት ሳይወጣለት የቆመ የብሎኬት ግድግዳ ይተረተራል። የእንጨትና የጭቃ ቤት ግን ከአፈሩ ጋር ትንሽ ይላወሳል፤ የተሰነጠቀው ለከርሞ በድጋሚ ይለሰናል። ከተሞቹ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ ማታው ይበርዳል፤ ወፍራሙ ጭቃ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ይህን ያወቀው አናጢ ዲፕሎማ አልነበረውም። የተማረው ቤት ሲፈርስበት አይቶ ነው።

አማርኛችን ይመስክር

ይህ ቤት የማን ነው? ኩሩ አበሻዊ ነው የሚል ካለ ቃላቱን ይቁጠራቸው። “ሱቅ” ዓረብኛ ነው። “ፎቅ” ዓረብኛ ነው። “መጋዘን” ከዓረብኛ የመነጨ ነው። “ባንኮኒ” ጣሊያንኛ ነው። “በረንዳ” ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ የዞረ ቃል ነው። “ጓዳ” እና “ማገር” የእኛው ናቸው። አንዱን ቤት ከፊት ወደ ኋላ ስትራመዱት የንግዱን መንገድ አብራችሁ ትራመዳላችሁ።

ምክንያት አለው። በድሮው ጎጃም ርስት ያለው ሰው ንግድን አይወድም ነበር፤ ነጋዴነትና ሸማኔነት የሚናቁ ሥራዎች ነበሩ። ርስት የማይፈቀድለት ሙስሊም ደግሞ ኑሮውን በንግድና በሽመና መሠረተ። መሬት የተከለከለ ሰው ደጃፉን መሬቱ አደረገው። ከየመን የመጡ ነጋዴዎችም በየአገሩ ከተማ ሱቅ ከፍተው ስለነበር በብዙ ቦታ ሱቅን “ዐረብ ቤት” ማለት የተለመደ ነበር። ቀስ በቀስ ክርስቲያኑም ባንኮኒ አቆመ፤ ባሏ የሞተባት ሴትም በመጋረጃዋ ፊት ሱቅ፣ በመጋረጃዋ ኋላ ልጆች ይዛ ቤተሰብ አሳደገች።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። እኛ ሴቶቹ ጸሐፊዎች ይህችን መጋረጃ ዝም ብለን አናልፋትም። እናት ወጥ እያማሰለች ደንበኛ የምታስተናግድበት፣ ሕፃን ሳታስይዝ የምትነግድበት ቤት ነው። ዛሬ ሱቅ ተከራይታ ልጇን ለሠራተኛ ትታ ከተማውን የምታቋርጠዋን ሴት ጠይቋት፤ መጋረጃዋ ስንት ብር እንደምታወጣ ትነግራችኋለች።

ሐምሌ 1967 እና ቤቱ ያረጀበት ምክንያት

“ታዲያ ለምን ተንጋደደ? ለምን ቆርቆሮው ዛገ?” ትሉን ይሆናል። መልሱ ስንፍና አይደለም፤ አዋጅ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደነገገ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጡ፤ የትንሽ ከተማ ቤት አብዛኛው እዚህ ውስጥ ገባ። ኪራዩ ወረደ፤ ለድሃ ተከራይም ትልቅ እፎይታ ሆነ፤ ይህን አንክድም። ግን በወር ጥቂት ብር የሚያስገባን ቤት ማን ይለስነዋል? ቀበሌው ገንዘብ የለውም። ተከራዩ የራሱ ያልሆነን ግድግዳ በራሱ ገንዘብ ቢያድስ ነገ ይወሰድብኛል ብሎ ይፈራል። ጭቃ ደግሞ በየጊዜው እጅ ካልነካው ይሞታል።

ሌላም አለ። አዋጁ “መኖሪያ ቤት” እና “የንግድ ቤት” ብሎ ለየብቻ ያያል። የእኛ ቤት ሁለቱም ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፎርሙ ላይ የሚሞላበት ሳጥን አጣ። የዛሬው ፕላንም ከዚህ የተሻለ አልሆነለትም፤ በብዙ ከተሞቻችን ዋና መንገድ ዳር የሚሠራ ቤት ዝቅተኛ የፎቅ ቁጥር ይወሰንበታል። አቅም ያለው ያፈርስና መስታወት ያቆማል። አቅም የሌለው ይሸጥና ወደ ዳር ይወጣል። በረንዳው ይቀራል፤ ገበሬውና አህያው ዝናብ ላይ ይቀራሉ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012

አሁን የሚያምመውን እናንሳ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሞጣ ውስጥ መስጊዶች ተቃጠሉ። የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ፣ ነደዱ። አገሪቱ ደነገጠች፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አወገዘ፤ ለመልሶ ግንባታ ገንዘብ ተዋጣ።

የዜናዎቹን አጻጻፍ ግን እናስታውስ። “ንብረት ወደመ” ነበር የሚሉት። ሱቅ ንብረት ነዋ! ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ይጠይቃል። ከባንኮኒው ኋላስ ምን ነበር? ጓዳ ባለው ሱቅ ላይ የተለኮሰ እሳት ስኳርና ዘይት በልቶ አይቆምም። አልጋ ይበላል፣ የሠርግ ፎቶ ይበላል፣ የልጅ ደብተር ይበላል። ሱቅና ቤት አንድ ከሆኑ፣ ሱቅን ማቃጠል ሰውን ከአገሩ ማፈናቀል ነው። ቤቱን በትክክለኛ ስሙ ስላልጠራነው ጉዳቱንም በትክክለኛ ስሙ አልጠራነውም።

ያ የዱቤ ደብተር ደግሞ ትዝ ይበላችሁ። የክርስቲያኑ ስም በሙስሊሙ ደብተር፣ የሙስሊሙ ስም በክርስቲያኑ ደብተር ላይ የሚሰፍርበት ከተማ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብሮ የመኖር ማስረጃ የት እናስቀምጠው ብንባል ከዚያ ባንኮኒ የተሻለ ቦታ አናገኝም።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ሱቅና ቤትን አንድ ያደረግነው እኛ ብቻ አይደለንም። ሲንጋፖር ውስጥ እንግሊዛዊው ራፍልስ እ.ኤ.አ. በ1822 የከተማ ፕላን ሲያወጣ ሱቆቹ ሁሉ ከፊታቸው አምስት ጫማ ስፋት ያለው የተሸፈነ መተላለፊያ እንዲኖራቸው አዘዘ። እነሱ በትእዛዝ ያገኙትን በረንዳ የእኛ ነጋዴ በይሉኝታ ሠራው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1989 የድሮ ሱቅ ቤት ሰፈሮቿን በሕግ ከለለች።

የማሌዢያዋ ጆርጅ ታውን የበለጠ ታስተምረናለች። የኪራይ ቁጥጥር ሕጓ ለብዙ ዘመን ኪራዩን ዝቅ አድርጎ ስለያዘ የድሮ ሱቅ ቤቶቿ አረጁ፤ ግን አልፈረሱም፤ ነዋሪውም አልለቀቀም። ከእኛ የቀበሌ ቤት ጋር አይመሳሰልም? ቁጥጥሩ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲነሳ ኪራይ ናረ፤ የድሮ ተከራዮች ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከተማዋ ከመላካ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ ብዙ ቤቶች ሆቴልና ካፌ ወደመሆን ሄዱ። ግድግዳው ዳነ፤ ከብዙዎቹ ጓዳዎች ግን ሰው ወጣ። እኛ ሁለቱንም ነው የምንፈልገው።

ሩቅ አንሂድ። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ1998 አካባቢ ሳይሆን በ2006፣ በእኛው 1998፣ በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የተመዘገበው ባዶ ፍርስራሽ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት፣ ቡና የሚፈላበት ከተማ ነው። ስለዚህ ሰው የሚኖርበት ቤት ቅርስ መሆን ይችላል። በተቃራኒው በ2016 አዲስ አበባ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አይተናል። ያኔ ብዙዎቻችን ፎቶ ለማንሳት የሮጥነው ዶዘሩ ከቆመ በኋላ ነበር። ለቅሶ ላይ የሚነሳ ፎቶ ለመዝገብ አይሆንም።

አሜሪካዊቷ ጄን ጄከብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ከተሞች በጻፈችው መጽሐፍ የአንድ መንገድ ደኅንነት ከፖሊስ በፊት በባለሱቆችና በነዋሪዎች ዓይን እንደሚጠበቅ አስረድታለች። ባለሙያዎቻችን ይህን “ቅይጥ አጠቃቀም” ብለው በስልጠና ላይ ያስተምሩታል። ከስልጠናው ሲወጡ ግን ቅይጡን ቤት ቀይ ቀለም ይቀቡታል።

“ሰው እየሞተ ስለ ጭቃ?”

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ እርስ በርሳችንም ተጠያይቀናል። ክልሉ ከ2015 ማገባደጃ ጀምሮ ወደ ጦርነት ገብቷል። እውነት ነው፤ ከቤት ሰው ይቀድማል። ግን ጦርነት ሲያልፍ ሰው የሚመለሰው ወደ ምን ነው? በየጦርነቱ ማግስት “መልሶ ግንባታ” የሚባል ነገር ይመጣል፤ በብሎኬትና በቆርቆሮ ተጣድፎ ይሠራል። ምን እንደነበረ የሚያሳይ አንድ ንድፍ ከሌለ ምን መልሰን እንገነባለን?

ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። “እናንተ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጣችሁ ሌላው በጭቃ ቤት ይኑር ትላላችሁ?” ይሉናል። አንልም። ጭሱን፣ ምስጡንና የሚያፈሰውን ጣሪያ ቅርስ ነው አላልንም። ሽንት ቤት ይግባ፣ ውሃ ይግባ፣ መሠረቱ ይጠናከር። እትዬም ልጆቿ የተሻለ ቤት እንዲኖራቸው መመኘቷ መብቷ ነው። እኛ የምንለው የተሻለው ቤት ጓዳዋን ከሱቋ አይለይባት፤ በረንዳዋን አይንጠቃት፤ ከመንገዱም ወደ ዳር አይግፋት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ቀላሉን እናስቀድም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ሲል ሕንፃንም ያካትታል፤ ቤተ መንግሥት መሆን አለበት አይልም። ስለዚህ የሕግ ችግር የለብንም፤ የዓይን ችግር ነው ያለብን። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ልጆች፣ ሰላም ሲሆን ሜትርና ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ቤቱን ለኩ፣ ንደፉ፣ ፎቶ አንሱ። ባለቤቶቹን ማን ሠራው፣ እንጨቱ ከየት መጣ፣ ባንኮኒውን ማን ጠረበው ብላችሁ ጠይቁ። መላሾቹ አርጅተዋል፤ ቀጠሮ አይጠብቁም።

ለከተማ አስተዳደሮች የምንለው ሁለት ነገር ነው። ተከራዩ ቤቱን ሲያድስ ያወጣው ገንዘብ ከኪራዩ ይታሰብለት፤ ያኔ ጭቃውን የሚለስን እጅ ይገኛል። ፎርማችሁም ላይ ሱቅም መኖሪያም ለሆነ ቤት አንዲት ሳጥን ጨምሩ። ለመጨመር ገንዘብ አያስፈልግም፤ ቀለም ብቻ ነው።

እናንተ አንባቢዎቻችን ደግሞ ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ስልካችሁን ከራሳችሁ ፊት ዞር አድርጋችሁ ያደጋችሁበትን ሱቅ አንሱት። ሳንቃውን፣ በረንዳውን፣ መጋረጃዋን። ባለሱቋ “ይሄን አሮጌ ቤት ምን ልታደርጉት ነው?” ካለቻችሁ፣ ብዙ ሰው ያሳደገ ቤት ስለሆነ ነው በሏት። የክብሪቷን ዕዳ መክፈልም አትርሱ።

ቸር ይግጠመን።